ከጣርማ በር ቁልቁል፦ የቤት አኳሪየም ስንት ዓሣ ይሸከማል?

አዲስ አበባ ላይ የጌጥ ዓሣ ገዝቶ ወደ ሸዋ ሮቢት የሚሳፈር ሰው፣ ሻጩ በኦክስጅን ነፍቶ አፉን በላስቲክ ጠፍሮ የሰጠውን ከረጢት ጭኑ ላይ አድርጎ ይጓዛል። ከረጢቱ መንገዱን ሁሉ ቅርጹን ይለዋውጣል። 2,350 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የታሰረው አየር ደብረ ብርሃንን አልፎ ከ3,000 ሜትር በላይ ወዳለው ጣርማ በር ሲወጣ ይለጠጣል፤ ላስቲኩ ክር እስኪመስል ይወጠራል። ጣሊያን የቆፈረውን ዋሻ ተሻግሮ፣ ደብረ ሲናንና አርማንያን ወርዶ 1,280 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ከተማ ሲደርስ ደግሞ ይሟሽሻል። ከረጢቱ ውስጥ ያለው ውኃም የደጋውን ብርድ ትቶ የቆላውን ሙቀት ይይዛል። በ225 ኪሎ ሜትር መንገድ ላይ ግፊቱም ሙቀቱም ተለውጧል። ያልተለወጠው ሻጩ የነገረው ቁጥር ብቻ ነው፤ 60 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ገንዳ 15 ወይም 20 ትናንሽ ዓሣ ይይዛል የሚለው።

ያ ቁጥር ከየት መጣ? ሸዋ ሮቢት ላለችበት ለይፋት ቆላስ ይሠራል? ማንጎና ሽንኩርት፣ ማሾና ትምባሆ በሚበቅልበት አገር ስለ ጌጥ ዓሣ ብዛት መጨነቅ ቅንጦት የሚመስለው አንባቢ ይኖራል። ሆኖም በጥያቄው ውስጥ የውኃ እጥረት፣ የመብራት መጥፋት፣ የወባ ርጭትና የሮቢ ወንዝ ጤና ሁሉ ተጠቅልለው ይገኛሉ። ሲፈታ ከገንዳው መጠን ይልቅ ቤቱን የሚመለከት ሆኖ ይገኛል።

ሒሳቡ ሲጀመር ሊትርና ሳንቲ ሜትር አልነበረበትም። እ.ኤ.አ. በ1850 የለንደኑ ኬሚስት ሮበርት ዋሪንግተን 12 ጋሎን በሚይዝ የመስታወት ዕቃ ውስጥ ሁለት ትናንሽ ጎልድፊሾችንና ቫሊስኔሪያ የተባለ የውኃ ተክል አኑሮ የታዘበውን ለአገሩ የኬሚስቶች ማኅበር አቀረበ። ተክሉ ዓሦቹ የሚተነፍሱትን ኦክስጅን ይሰጣል፤ ዓሦቹ የሚያስወጡት ደግሞ ለተክሉ ምግብ ይሆናል። የተክሉ ቅጠል እየበሰበሰ ውኃው ሲያስቸግረው የኩሬ ቀንድ አውጣ ጨመረና ውኃው ጠራለት። ከዚያ በኋላ በመጣው የአኳሪየም ፍቅር መሐል (የለንደን መካነ እንስሳት በ1853 ለሕዝብ የዓሣ ቤት ከፍቷል) የተረሳው ነገር የዋሪንግተን ዓሦች ብዛት ነው። ሁለት ነበሩ፤ እነሱም ትናንሽ።

ዛሬ በሻጮችና በአርቢዎች አፍ የሚዞሩት ደንቦች በዋናነት ሦስት ናቸው። አንደኛው የአሜሪካኖቹ ነው፤ ለእያንዳንዱ ጋሎን ውኃ አንድ ኢንች ዓሣ ይላል። ሁለተኛው በሜትር የሚለኩ አገሮች ያቀለሉት ነው፤ ለአንድ ሊትር ውኃ አንድ ሳንቲ ሜትር ዓሣ። ሦስተኛውና ከሁሉ የሚሻለው የውኃውን ጥልቀት ትቶ ገጹን ይለካል፤ ለሞቃት ውኃ ዓሣ በአንድ ሳንቲ ሜትር ርዝመት 30 ካሬ ሳንቲ ሜትር ያህል የውኃ ገጽ፣ ለቀዝቃዛ ውኃ ዓሣ ደግሞ 75 ካሬ ሳንቲ ሜትር። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ኦክስጅን ወደ ውኃው የሚገባው አየርና ውኃ በሚገናኙበት ገጽ በኩል ነው። ቁመቱ ረጅም፣ አፉ ጠባብ የሆነ ገንዳ ብዙ ሊትር ቢይዝም ትንሽ ነው የሚተነፍሰው።

ሦስቱን በአንድ ገንዳ ላይ መሞከር ያስተምራል። ርዝመቱ 60፣ ወርዱና ቁመቱ 30 ሳንቲ ሜትር የሆነ ገንዳ 54 ሊትር ይይዛል፤ ጠጠሩና ከላይ የሚተወው ባዶ ቦታ ሲቀነስ ግን እውነተኛው ውኃ 45 ሊትር ገደማ ነው። ከሁለት ጀሪካን ትንሽ ያልፋል ማለት ነው። 3 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያላቸው፣ ጋፒ የተባሉ ትናንሽ ዓሦች ይግቡበት ቢባል የጋሎኑ ደንብ 10 ይፈቅዳል፣ የሊትሩ 15፣ የውኃ ገጹ 20። አንድ ገንዳ፣ አንድ ዓይነት ዓሣ፣ በእጥፍ የሚራራቁ መልሶች። ሻጭ ከሦስቱ የትኛውን እንደሚመርጥ መገመት አያቅትም።

ከዚህ የባሰው የርዝመት ነገር ነው። 3 ሳንቲ ሜትር ያላቸው አምስት ጋፒዎች ተደምረው 15 ሳንቲ ሜትር ይሆናሉ፤ 15 ሳንቲ ሜትር ያለው አንድ ጎልድፊሽም ያው 15 ነው። ደንቦቹ እኩል ያዩዋቸዋል። ነገር ግን ዓሣ ሲረዝም በወርድም በውፍረትም ይጨምራልና፣ ርዝመቱ አምስት እጥፍ ሲሆን ክብደቱ 125 እጥፍ ገደማ ይደርሳል። ስለዚህ ያ አንድ ጎልድፊሽ ከአምስቱ ጋፒዎች ድምር 25 ጊዜ ያህል ይመዝናል። የሚበላው፣ የሚተነፍሰውና የሚያቆሽሸው በክብደቱ ልክ ባይሆን እንኳ ወደዚያ የቀረበ ነው። የርዝመት ደንብ ከ5 ሳንቲ ሜትር ለማያልፉ ቀጫጭን ዓሦች ብቻ የሚያገለግል፣ ለሌላው አሳሳች ነው። የሚለካውም ዓሣው በተገዛበት ቀን ያለው ርዝመት ሳይሆን አድጎ የሚደርስበት ነው፤ ይህን የሚያስታውስ ገዢ ጥቂት ነው።

መንግሥታት ሳይቀሩ በዚህ ጉዳይ ገብተዋል። የሮም ከተማ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2005 ጎልድፊሽን በክብ የመስታወት ሳህን ማስቀመጥ ከልክሏል፤ ጣሊያናዊቷ ሞንዛ ከአንድ ዓመት በፊት ቀድማዋለች። በጀርመን በ1998 የወጣው የባለሙያዎች የአነስተኛ መስፈርት ሰነድ ደግሞ ለጌጥ ዓሦች መነሻ ያደረገው ከላይ የተሰላውን 54 ሊትር ገንዳ ነው። ክቡ ሳህን የተጠላው በሁለት ነገር ነው፤ አፉ ስለሚጠብ አየር አይገባውም፣ ማጣሪያም አይቀመጥበትም። ቡና ቤት ባንኮኒ ላይ እንደ ጌጥ የሚቀመጠው ሳህን ቆላ ሲወርድ ምን እንደሚገጥመው ከዚህ በታች ያለው ሒሳብ ይናገራል።

ውኃ በሞቀ ቁጥር የሚሟሟበት ኦክስጅን ይቀንሳል፤ ከፍታ በጨመረ ቁጥርም እንዲሁ። የአኳሪየም መጻሕፍት የሚጻፉት ለባሕር ጠለል አቅራቢያና ለ25 ዲግሪ ውኃ ነው ማለት ይቻላል፤ በዚያ ሁኔታ አንድ ሊትር ውኃ ቢበዛ 8.3 ሚሊ ግራም ኦክስጅን ይይዛል። ሸዋ ሮቢት ላይ ውኃው 30 ዲግሪ ሲደርስ ጣሪያው 6.4 አካባቢ ነው፤ ሩብ ሊሆን ጥቂት የቀረው ጎድሏል። አዲስ አበባ ላይ ማሞቂያ የሌለው 20 ዲግሪ ውኃ ደግሞ ከፍታው ቢጫነውም ወደ 7 ይጠጋል። ልዩነቱ ይህን ያህል ብቻ ቢሆን ኖሮ ባላሳሰበ። ዓሣ ግን ደሙ የውኃውን ሙቀት የሚከተል ፍጡር ነውና፣ ውኃው በ10 ዲግሪ ሲጨምር የኦክስጅን ፍላጎቱ በግርድፉ እጥፍ ይሆናል። አቅርቦቱ ትንሽ ቀንሶ ፍላጎቱ እጥፍ ሲሆን፣ ለአዲስ አበባ ሳሎን የተነገረ ቁጥር ለሮቢት ሳሎን ግማሽ ቢሆን ይሻላል።

ግንቦትና ሰኔ የፈተና ወራት ናቸው። በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ ኮርኒስ በሌለው ክፍል የተቀመጠ ገንዳ ከሰዓት በኋላ ከ30 ዲግሪ መዝለሉ የማይቀር ነው። ገንዳውን ከፀሐይ መስኮት ማራቅ፣ ከከፍታ መደርደሪያ ይልቅ ዝቅ ያለ ጠንካራ ጠረጴዛ ላይ ማኖርና ክዳኑን ከፍቶ ትንሽ ማራገቢያ በውኃው ገጽ ላይ ማንፈስ ሁለት ሦስት ዲግሪ ያወርዳል። የሸክላ ጋን ውኃውን በላቡ እንደሚያቀዘቅዝ ማለት ነው። ዋጋው ግን አለው፤ ውኃው ቶሎ ይተናል። የተነነውን ብቻ እየተኩ መቀጠል ደግሞ ጨውና ማዕድኑ ገንዳው ውስጥ እንዲከማች ያደርጋል፤ ስለዚህ መሙላት ውኃ መቀየርን አይተካም።

ኦክስጅን የሚያንሰው ንጋት ላይ ነው። ተክልና አልጌ ቀን ኦክስጅን ይሰጣሉ፣ ሌሊት ግን እንደ ዓሣው ሁሉ ይተነፍሳሉ። ዓሦች ብዛታቸው ከልክ አልፎ እንደሆነ ለማወቅ መሣሪያ የሌለው ሰው ጎሕ ሲቀድ ተነሥቶ ገንዳውን ይመልከት፤ ሁሉም ላይ ተሰብስበው አፋቸውን ከውኃው ገጽ ላይ እየከፈቱ የሚዘጉ ከሆነ መልሱ ተገኝቷል።

ሁለተኛው ጠላት አይታይም። ዓሣ በስንጥቡና በእዳሪው አሞኒያ ያስወጣል። አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱንም ብዙ ጉዳት ወደማያደርሰው ናይትሬት የሚለውጡት በማጣሪያው ስፖንጅና በጠጠሩ ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናቸው። እነዚህ ባክቴሪያዎች ለመራባት ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈልጋሉ። አዲስ ገንዳ ገዝቶ በዚያው ቀን 15 ዓሣ የሚከት ሰው ገና ሽንት ቤት ባልተቆፈረለት ቤት 15 እንግዳ የጠራ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ዓሦቹ በሁለተኛውና በሦስተኛው ሳምንት ተራ በተራ የሚያልቁትም በዚህ ነው። ሰዎች ምክንያቱን በሽታ ይሉታል፣ መድኃኒት ይገዛሉ፣ ሌላ ዓሣ ይተካሉ፤ ሻጩም አይከፋውም።

አሞኒያ ምን ያህል እንደሚገድል የሚወስኑት የውኃው ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው) እና ሙቀቱ ናቸው። ፒኤች 7 በሆነ የ25 ዲግሪ ውኃ ውስጥ ከጠቅላላው አሞኒያ መርዛማው ክፍል 0.6 በመቶ እንኳ አይሞላም። ፒኤቹ 8 ሲሆን ከ5 በመቶ ያልፋል፤ በዚያው ፒኤች ሙቀቱ 30 ሲደርስ 7.5 በመቶ ገደማ ይሆናል። አንድ ዓይነት ገንዳ፣ አንድ ዓይነት ቆሻሻ፣ ከአሥር እጥፍ በላይ የከፋ መርዝ። ማንቆርቆሪያቸው ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚጋገርባቸው ቤቶች ውኃቸው ማዕድን የበዛበት ነው፤ እንዲህ ያለው ውኃ ፒኤቹ ከ7 በላይ መሆኑ የተለመደ ነው። ይህ ለጋፒ ጥሩ ዜና ነው፤ ጋፒ ጠንካራ ውኃ ይወዳል። ለአማዞኑ ኒዮን ቴትራ ግን አይስማማውም፤ ቴትራ ለስላሳ ውኃ ይፈልጋል፣ ብዛቱ ከስድስት ካነሰም ይደነግጣል። ብዙ መሆን ያለበት ዓሣ ለትንሽ ገንዳ መመረጡ ራሱ ስሕተት ነው።

እንግዲህ ጀሪካኑ ይምጣ። በየሳምንቱ ከገንዳው ውኃ ሩቡን መቀየር በብዙ አርቢዎች ዘንድ የተለመደ መጠን ነው። የ45 ሊትር ሩብ 11 ሊትር ነው፤ የጀሪካን ግማሽና ትንሽ። ዓሣው እጥፍ ሲሆን የሚቀየረው ውኃም እጥፍ መሆን አለበት፤ ያ ከአንድ ጀሪካን ይበልጣል። ቧንቧ በፈረቃ በሚመጣበት፣ ውኃ በሮቶና በበርሜል በሚጠራቀምበት ወይም በአህያ በሚጫንበት ቤት ይህን ከልጆች ገላና ከልብስ አጠባ በፊት ማን ያስቀድማል? የብዛት ጥያቄ ለይፋት ሰው በሳንቲ ሜትር ከሚጠየቅ እንዲህ ቢጠየቅ ይሻላል፦ ይህ ቤት በደረቁ ወር፣ ውኃ በጠፋበት ሳምንት እንኳ፣ ለገንዳው ስንት ሊትር ማውጣት ይችላል? ግማሽ ጀሪካን ከሆነ የዓሣውም ቁጥር በዚያው ልክ ይሁን። ከቧንቧ የተቀዳው ውኃ ክሎሪኑ እንዲወጣለት አፉ በሰፋ ባልዲ ቢያንስ ሌሊቱን ይደር፤ ክፍሉ ውስጥ ካደረም ሙቀቱ ከገንዳው ጋር ይቀራረባል።

ስለ ባልዲው አንድ ማስጠንቀቂያ። ሽንኩርትና ቲማቲም በሚረጭበት አካባቢ ባልዲና ጀሪካን ከእርሻ ወደ ቤት ይመላለሳል። ፀረ ተባይ የተበጠበጠበት ዕቃ አሥር ጊዜ ቢታጠብም ለዓሣ ውኃ መዋል የለበትም። የፀረ ወባ የቤት ርጭት ሲመጣም ገንዳው በላስቲክ ይሸፈን፣ የአየር ፓምፑ ጠፍቶ ይቆይ፤ ፓምፑ የክፍሉን አየር ስቦ ውኃው ውስጥ ያስገባልና። አጎበር የሚነከርበት ፓይረትሮይድ የተባለው መድኃኒት ለሰው ሲቀል ለዓሣ ግን በጣም ትንሹ መጠን የሚገድል ነው፤ አሮጌ አጎበር ቆርጦ የገንዳ ክዳን ወይም የዓሣ መረብ ማድረግ ዓሦቹን በገዛ እጅ መመረዝ ነው።

መብራት ሲጠፋ የሚሆነው እንደ ዓሣው ክብደት ይለያያል። ስድስት ጋፒዎች ሰፊ ገጽ ባለው ገንዳ ውስጥ ያለ ፓምፕ ሌሊቱን ሊያልፉት ይችላሉ፤ ሁለት ትልልቅ ጎልድፊሾች በሞቀ ውኃ ውስጥ ላይነጋላቸው ይችላል። ማጣሪያውም ይታሰብበት። ከገንዳው ውጭ የሚቀመጠው የተዘጋ ማጣሪያ መብራት ለሰዓታት ሲጠፋ ውስጡ ያለው ባክቴሪያ አየር አጥቶ ይሞታል፤ መብራቱ ሲመለስ ያንን የበሰበሰ ውኃ ወደ ገንዳው ይለቀዋል። በአየር ፓምፕ የሚሠራው ተራ የስፖንጅ ማጣሪያ ውኃው ውስጥ ስለሚቀመጥ ይህ ጉዳት ብዙም አይደርስበትም፤ ዋጋውም ርካሽ ነው። በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ፓምፕ ከማንኛውም ጌጥ በፊት ይገዛ። ረጅም የመብራት መጥፋት ሲያጋጥም የመጀመሪያው እርምጃ ዓሦቹን አለመመገብ ነው፤ ጤነኛ ዓሣ ለጥቂት ቀናት ሳይበላ መቆየት ይችላል፣ ያልተበላ ምግብ ግን በሰዓታት ውስጥ ውኃውን ያበላሻል።

የትኛው ዓሣ የሚለው ከስንት ዓሣ አይለይም። ጎልድፊሽ ለልጅ ደስ የሚል፣ ዓይን የሚስብ፣ ብዙ ሰው በስም የሚያውቀው ዓሣ ነው። ለይፋት ግን ከሁሉ የከፋው ምርጫ ነው። የቀዝቃዛ ውኃ ዓሣ ነው፣ ሲያድግ ከ15 ሳንቲ ሜትር ያልፋል፣ በገጽ ደንቡ እንኳ ቢሰላ 60 በ30 የሆነው ገንዳ አንድ ትልቅ ጎልድፊሽ ብቻ ነው የሚችለው፤ 15 ሲባዛ በ75 ከ1,100 ካሬ ሳንቲ ሜትር በላይ ነው፣ ገንዳው ያለው 1,800 ነው። ደብረ ብርሃን ላለ ዘመድ ጎልድፊሽ መስጠት ያስመሰግናል። ከጣርማ በር ቁልቁል ይዞት መውረድ ግን አያስኬድም።

ቤታ የተባለው የታይላንድ ተዋጊ ዓሣ በተቃራኒው ለቆላ የተፈጠረ ይመስላል። ሞቃት፣ እምብዛም የማይንቀሳቀስ ውኃ አገሩ ነው፤ ከስንጥቡ ሌላ አየርን ከውኃው ገጽ ላይ ጎርሶ የሚተነፍስበት አካል አለው። የአዋሽ አምባዛም ውኃ ሲጎድልበት የሚተርፈው በዚህ መሰል ብልኃት ነው፤ አምባዛው ግን ከአንድ ሜትር በላይ ሊረዝም ስለሚችል ለሳሎን አይታሰብም። ወንድ ቤታ ሌላ ወንድ አጠገቡ ከገባ እስከ ሞት ይዋጋል፤ ረጅም ጭራ ያለውን ወንድ ጋፒም በባላንጣነት ሊያየው ይችላል። ስለዚህ የቤታ ቁጥር ክርክር የለውም፤ አንድ ነው። አየር ስለሚጎርስ ብቻ በብርጭቆ ይኑር የሚሉ አሉ። አሞኒያው ግን በብርጭቆም ያው አሞኒያ ነው፤ ለእሱ ብቻ ቢያንስ የአንድ ጀሪካን ያህል ውኃ፣ 20 ሊትር ይገባዋል።

ጋፒ ላይ ያለው ችግር ሌላ ነው፤ የተገዛው ቁጥር ባለበት አይቆይም። ሴቷ እንቁላል አትጥልም፣ ነፍስ ያላቸውን ጫጩቶች ትወልዳለች፤ በየወሩ ገደማ፣ አንዳንዴ ከ20 እስከ 40። የወንዱን ዘር በሆዷ አቆይታ ለወራት ደጋግማ ልትወልድ ስለምትችል፣ ከሱቅ ብቻዋን የተገዛች ሴት ጋፒም ገንዳ ትሞላለች። ሁለት ሴትና አንድ ወንድ ብሎ በትሕትና የጀመረ ሰው በጥቂት ወራት ውስጥ ብዛታቸውን መቁጠር ይሰለቸዋል። መፍትሔው ወንዶችን ብቻ መያዝ ነው፤ በቀለም የሚያጌጡትም እነሱ ናቸው። ከጭራቸው ግርማ ሌላ የሚለዩት በሆዳቸው ሥር ባለው ቀጭን፣ ሹል ክንፍ ነው።

የኢትዮጵያ ዓሣ አርቢዎች ይህን ትምህርት በኩሬ ውስጥ ያውቁታል። በሰበታ የሚገኘው ብሔራዊ የዓሣና ሌሎች የውኃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከልና የባሕር ዳሩ አቻው ለገበሬ ኩሬ የቆሮሶን ጫጩት ሲያስቡ መነሻቸው የኩሬው ስፋት ነው፤ በፍግ ለሚለማ ኩሬ በካሬ ሜትር ሁለት ዓሣ አካባቢ የተለመደ መጠን ነው። ስፋትን እንጂ ጥልቀትን አለመቁጠሩ የአኳሪየሙን ሦስተኛ ደንብ ያስታውሳል። ወንድና ሴት ቆሮሶ አብረው ሲገቡ ደግሞ በጥቂት ወራት ውስጥ መራባት ይጀምራሉ፤ ኩሬው በጫጩት ይሞላል፣ ምግቡ አይዳረስም፣ ሁሉም ድንክ ሆኖ ይቀራል። ወንድ ቆሮሶ ብቻ የማርባት ዘዴ በዓለም የተስፋፋው ለዚህ ነው። በካሬ ሜትር ሁለት ዓሣ የሚለው ቁጥር በራሱ ለአኳሪየም ባለቤት አስደንጋጭ ነው፤ 60 በ30 የሆነ ገንዳ የካሬ ሜትር አምስተኛ እንኳ አይሆንም። አኳሪየሙ ከዚያ በላይ የሚሸከመው ዓሦቹ ደቃቃ ስለሆኑ፣ ፓምፕና ማጣሪያ ስላለና ሰው ውኃውን ስለሚቀይርላቸው ነው። ከሦስቱ አንዱ ሲቋረጥ ገንዳው ወደ ኩሬ ሕግ ይመለሳል።

ከሮቢ፣ ከጀውሃ ወይም ከአጣዬ ወንዝ ትናንሽ ዓሣ ይዞ ገንዳ ውስጥ መክተትስ? በአዋሽ ተፋሰስ ጅረቶች ውስጥ ከሚኖሩት መካከል ጋራ በሚል የሳይንስ ስም የሚጠሩት፣ ከአፋቸው ሥር ባለው መጣበቂያ ድንጋይ ላይ የሚጣበቁት ትናንሽ ዓሦች ይገኙባቸዋል። የሚኖሩት ግን በሚፈስ፣ አየር በሞላበት ውኃ ነው፤ በቆመና በሞቀ የቤት ገንዳ ውስጥ ብዛታቸው አንድም ቢሆን ይበዛል።

ዓሣ በቆላ ቤት የሚሠራው ሥራም አለ። እ.ኤ.አ. በ1992 የታተመ ጥናት በአሰብ ወደብ ከተማ የአካባቢውን ተወላጅ ትንሽ ዓሣ፣ አፋኒየስ ዲስፓርን፣ በመኖሪያ ቤቶች ጉድጓድ፣ ታንከርና በርሜል ውስጥ በመጨመር የወባና የሌሎች ትንኞችን እጭ መቆጣጠር እንደተቻለ አሳይቷል። ዛሬ ነገሩ ይበልጥ ያሳስባል፤ በውኃ ማጠራቀሚያ ዕቃዎች ውስጥ መራባት የሚወደው አኖፌለስ ስቴፈንሲ የተባለው የእስያ የወባ ትንኝ በ2016 ቀብሪ ደሃር ላይ በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ተገኝቷል። ዓሣ ያለበት አኳሪየም የትንኝ መፈልፈያ አይሆንም፤ እጩን ዓሣው ይጨርሰዋል። ዓሣዎቹ አልቀው ውኃው ሳይደፋ በረንዳ ላይ የተረሳ ገንዳ ግን ይሆናል። ለአዲስ ውኃ የሚያድረው ባልዲም ከሁለት ቀን በላይ ሳይሸፈን አይቆይ።

ፍርዱ እንግዲህ ይህ ነው። በይፋት ቆላ፣ 60 በ30 በ30 ለሆነ ገንዳ፣ የስፖንጅ ማጣሪያና የአየር ፓምፕ ኖሮ በየሳምንቱ ግማሽ ጀሪካን ውኃ ከተቀየረለት፣ ከስድስት እስከ ስምንት ወንድ ጋፒ ይበቃል። አጀማመሩም በሦስት ይሁን፤ ወር ተኩል አልፎ ሦስቱ ደኅና ከሆኑ የቀሩት ይጨመሩ። መብራቱ አስተማማኝ ካልሆነና የባትሪ ፓምፕ ከሌለ፣ ወይም ውኃው በወር ሁለት ጊዜ ብቻ የሚቀየር ከሆነ፣ አንድ ቤታና ብዙ ተክል። ገንዳው ከ20 ሊትር ካነሰ ተክልና ቀንድ አውጣ ይግቡበት፣ ዓሣው ይቅር። ዓሦቹ ሲያንሱ ገንዳው ባዶ ይመስላል ለሚል፣ የቫሊስኔሪያ ጫካና ከወንዝ የመጣ፣ በደንብ የታጠበ ድንጋይ ይሞላዋል።

የተረፈውን ዓሣ በተመለከተ ግን ለአንባቢ አንድ አደራ አለ። ጋፒው ቢበዛ፣ ልጁ ቢሰለቸው፣ ቤተሰቡ ወደ ሌላ ከተማ ቢዛወር፣ ዓሣውን ሮቢ ወንዝ ወይም የመስኖ ቦይ ውስጥ አትልቀቁት። ሮቢም ጀውሃም አጣዬም ወደ አዋሽ ይወርዳሉ፤ ጋፒ በሞቃት ውኃ ውስጥ ለመስፋፋት ፈጣን ነው፣ የተወላጅ ዓሦችን እንቁላልና ምግብ ይሻማል፣ የቤት ገንዳ በሽታም ይዞ ይገባል። ለጎረቤት ስጡት፣ ለትምህርት ቤት ስጡት፣ ወይም ለሸጠላችሁ ሰው መልሱለት።